«ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለው መቼ ነው? የግንድ ጭነት፣ የዓባይ ቁልቁለትና ያልተጻፈው ዕውቀት

ከደጀን ከተማ ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው መንገድ አፋፍ ላይ ለጥቂት ሰዓታት የቆመ ተመልካች ብዙ ዓይነት ጭነት ሲያልፍ ያያል። ጤፍ፣ ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያ፣ ነዳጅና የቁም ከብት የጫኑ መኪኖች ይወርዳሉ፤ ይወጣሉ። ከእነዚህ ሁሉ ከሩቅ የሚለየው ግን የባሕር ዛፍ ጭነት ነው። ልጡ የተላጠ ረጅም አጣናና ግንድ ከፍ ብሎ ተቆልሎ፣ ጫፉ ከመኪናው ጀርባ አልፎ ወጥቶ፣ በገመድና በሰንሰለት ተጠፍንጎ ከጎጃም ደጋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። መዳረሻው የሕንፃ መወጣጫ፣ የቤት ምሰሶና ማገር ወይም የአጥር ቋሚ ነው። በመዲናይቱ ግንባታዎች ዙሪያ የሚታየው የእንጨት መወጣጫ ሠራተኛን ከመሸከሙ በፊት ራሱ ይህን ገደል ተሻግሮ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ መኪኖች አንዱ ከመንገድ ወጥቶ ሲገለበጥ የአደጋው ታሪክ ብዙ ጊዜ በሦስት ቃላት ይቋጫል፤ «ፍሬን እምቢ አለ» ይባላል። አነጋገሩ ሊስተዋል የሚገባው ነው። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱ ፍሬኑ ነው፤ አሽከርካሪው፣ ጭነቱ፣ ባለንብረቱ፣ መንገዱና ክፍያው የሉበትም። እምቢታውም በቅጽበት የተፈጠረ፣ ከእርሱ በፊት ምንም ያልነበረ ይመስላል። በአንዳንድ አደጋዎች ይህ እውነት ነው፤ ቱቦ ይበጠሳል፣ ብረት ይሰነጠቃል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ግን በተደጋጋሚ የሚሆነው ሌላ ነው። ጤነኛ ፍሬን ከአቅሙ በላይ ሙቀት እንዲሸከም ይደረጋል፣ ይግላል፣ ቀስ በቀስም ኃይሉን ያጣል። እምቢ ያለው ከድልድዩ አጠገብ ቢሆንም እምቢ እንዲል የተወሰነው ላይ ደጀን አፋፍ ላይ፣ አንዳንድ ጊዜም ግንዱ በተጫነበት ሜዳ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። ከባድ ጭነት ይዞ ቁልቁለት መውረድ ትንበያን የሚጠይቅ ዕውቀት ነው፤ ይህም ዕውቀት በሀገሪቱ በአብዛኛው በአሽከርካሪዎችና በረዳቶቻቸው አእምሮ ብቻ ተቀምጦ ይገኛል። የምርምር ተቋማት ይህን ዕውቀት ሊመዘግቡት፣ ሊፈትኑትና ወደ መንገድ ምልክት፣ ወደ ሥልጠናና ወደ አደጋ ምርመራ ሊለውጡት ይገባል።

ቁልቁለቱና ስሌቱ

የዓባይ ሸለቆ ከጎሐ ጽዮንም ሆነ ከደጀን በኩል ሲታይ አፋፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ይላል፤ የወንዙ ወለል ደግሞ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ወገን በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ወደ 1,400 ሜትር ይወረዳል ወይም ይወጣል። ይህ በአማካይ ከ100 ሜትር 7 ሜትር መውረድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ የወንዙን መሻገሪያ አስተማማኝ አድርጎታል፤ ቁልቁለቱን ግን ሊያሳጥረው አልቻለም። ከዚህም በላይ የሸለቆው ተዳፋት መሬት ይንሸራተታል። አስፋልቱ በየጊዜው ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል፣ ይጠገናል፣ ተመልሶም ይሰነጠቃል። አሽከርካሪው ትናንት የሚያውቀው ኩርባ ዛሬ ያው ላይሆን ይችላል።

አሁን ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ባለተሳቢ መኪና ከአፋፉ ተነሣ እንበል። 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚያጣው የከፍታ ጉልበት ወደ 550 ሜጋ ጁል ይጠጋል። ይህ በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለን ከ1,600 ሊትር በላይ ውሃ እስከ መፍያ ነጥቡ ለማሞቅ የሚበቃ ጉልበት ነው። ጎማው ከመንገዱ ጋር የሚያደርገው ሰበቃና ነፋሱ ጥቂቱን ይወስዳሉ፤ የቀረው ወደ 470 ሜጋ ጁል ግን ወይ በሞተሩ ወይ በፍሬኑ በኩል ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት። ሌላ መውጫ የለውም። ካልወጣ ፍጥነት ይሆናል።

የጠቅላላውን ጉልበት መጠን አሽከርካሪው ሊቀይረው አይችልም፤ ከፍታውና ክብደቱ ወስነውታል። ሊቀይረው የሚችለው ያ ጉልበት የሚወጣበትን ጊዜ ነው። መኪናው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ጉዞው አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በአማካይ 130 ኪሎ ዋት መወገድ ይኖርበታል። በ40 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ጊዜው በግማሽ ያጥርና ኃይሉ ወደ 260 ኪሎ ዋት ያድጋል። ይህ የአንድ ከባድ መኪና ሞተር ዳገት ሲወጣ በሙሉ አቅሙ የሚያወጣውን ያህል ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ቢሆን 390 ኪሎ ዋት ይደርሳል። እንግዲህ «ቀስ ብሎ መውረድ» የጥንቃቄ ምክር ብቻ አይደለም፤ የሙቀት ስሌት ነው። ከዚህ ስሌት ውጪ የሚኖር ጎበዝ አሽከርካሪ የለም።

ከባድ ማርሽና የፍሬኑ ዝምታ

በከባድ መኪኖች ላይ የተለመደው ፍሬን ታምቡር በሚባለው ክብ ብረት ውስጥ የፍሬን ሸራ እየተገፋ የሚይዝበት ነው። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል። የሸራው የመያዝ ኃይልም በከፍተኛ ሙቀት ይዳከማል። የነፋስ ፍሬን ያለው መኪና ላይ ደግሞ ሸራውን የሚገፋው ዘንግ የሚጓዘው ርቀት ውሱን ነው። ፍሬኑ አስቀድሞ በሚገባ ካልተስተካከለ፣ ታምቡሩ በሰፋ ጊዜ ዘንጉ እስከ መጨረሻው ቢገፋም ሸራው የሚፈለገውን ያህል አይጫንም። አሽከርካሪው መርገጫውን እስከ ወለሉ ሲረግጠው የሚሰማው «እምቢታ» ይኸው ነው። በዚያች ሰዓት የተበላሸ ዕቃ ላይኖር ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ያው ፍሬን ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ መርማሪውንም ግራ ያጋባዋል።

መፍትሔው ፍሬኑን ለመጨረሻ መጠበቅ፣ ሥራውን ለሞተሩ መስጠት ነው። ሞተር በከባድ ማርሽ ላይ ሆኖ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲዞር አየር ያምቃል፣ ይሰበቃል፣ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዛል። ሙቀቱንም በጭስ ማውጫና በራዲያተር በኩል ያስወጣል። ማርሹ በከበደና የሞተሩ ዙር ከፍ ባለ መጠን መያዙ ይጠነክራል። ፍሬን የሚረገጠው ፍጥነቱ ከተመረጠው ወሰን ሲደርስ ብቻ ነው፤ ያኔ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን ጥቂት ኪሎ ሜትር ማውረድ፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። እግርን ሳያነሡ ለረጅም ጊዜ በስሱ መርገጥ ለስላሳ ቢመስልም ታምቡሩን ፋታ ነሥቶ ያግለዋል።

የሙያው ዋና ቁም ነገር ግን የማርሹ ምርጫ የሚደረግበት ጊዜ ነው። ከባድ ማርሽ የሚገባው ከቁልቁለቱ በፊት ነው። መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ የሚሞክር አሽከርካሪ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ሞተሩ ከጎማው ይለያል፤ ማርሹ አልገባ ካለው በዜሮ ማርሽ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ መኪናውን የሚይዘው ቀድሞ የጋለው ፍሬን ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው አሽከርካሪ አፋፉ ላይ ሆኖ ገና ያላየውን ኩርባ፣ ገና ያልተሰማውን ሙቀት አስቀድሞ ያሰላል። ሲወርድ በጆሮው የሞተሩን ዙር፣ በአፍንጫው የሸራውን ሽታ፣ በእግሩ የመርገጫውን ጥልቀት፣ በዓይኑ የነፋሱን መለኪያ ይከታተላል። ረዳቱም ታኮውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ከኋላ ጭስ ካየ ይናገራል። ይህ ሁሉ መጽሐፍ የሌለው ትምህርት ነው።

ጭነቱ ግንድ ሲሆን

እስካሁን የተባለው ለማንኛውም ከባድ ጭነት ይሠራል። ግንድ ግን የራሱ ጠባይ አለው።

የመጀመሪያው ጠባዩ ክብደቱ በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ገደማው ውሃ ነው። ለሳምንታት የደረቀ አጣናና ትናንት የተቆረጠ አጣና በመኪናው ላይ አንድ ዓይነት ቁመት ይዘው ሊታዩ ይችላሉ፤ የሁለተኛው ክብደት ግን እጅግ ይበልጣል። ጭነቱ በቁጥር ወይም በቁመት እየተገመተ ሲጫን፣ አሽከርካሪው ባለፈው ወር በሰላም የወረደበት ማርሽ በዚህ ሳምንት አይበቃው ይሆናል። የክብደት ቁጥጥር በተለምዶ የሚታየው አስፋልትን ከጉዳት ማዳኛ ተደርጎ ነው። በዓባይ አፋፍ ላይ ግን ክብደት ማወቅ ማለት ፍጥነትን ማወቅ ነው።

ሁለተኛው ጠባዩ መንሸራተቱ ነው። ልጡ የተላጠ እርጥብ ግንድ ከግንድ ጋር ያለው ሰበቃ አነስተኛ ነው። በርዝመቱ ተዘርግቶ የተጫነ ግንድ ደግሞ በቁልቁለት ላይ አቅጣጫው ወደ ጋቢናው ነው። መኪናው በድንገት ሲያዝ ጭነቱ ጉዞውን ይቀጥላል። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የጭነት አስተሳሰር ደንቦች ማሰሪያው ወደ ፊት የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደ ጎን ደግሞ 50 በመቶ የሚያህል ግፊት እንዲችል የሚያዝዙት በዚህ ምክንያት ነው። በጋቢናውና በግንዱ መካከል ጠንካራ መከላከያ ከሌለ የአሽከርካሪው ሕይወት በገመዱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሦስተኛው ጠባዩ መላላቱ ነው። ግንድ ክብ ነውና ሲጫን በመካከሉ ብዙ ክፍተት ይቀራል። መኪናው ሲንገጫገጭ ግንዶቹ ወደ ክፍተቱ ይገባሉ፤ ጭነቱ ይወርዳል፣ ገመዱ ይላላል። የአሜሪካ ደንብ አሽከርካሪው ከጉዞው መነሻ በ80 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቆሞ ማሰሪያውን ዳግመኛ እንዲፈትሽ ያስገድዳል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን ያለው ርቀት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር በደብረ ማርቆስ አካባቢ የተጫነ ግንድ ከዓባይ አፋፍ የሚደርሰው ገመዱ ዳግመኛ መጥበቅ በሚገባው ሰዓት ላይ ነው። በደጀን አፋፍ ቆሞ ገመድ ማጥበቅ ጊዜ ማባከን ሊመስል ይችላል፤ ኩርባው ላይ ግን ከፍ ያለ ጭነት ወደ ጎን በተዘነበለ ጊዜ ዋጋው ይታወቃል።

ከጋቢና ወደ ቤተ ሙከራ

የአሽከርካሪ ልምድ ወደ ሳይንስ ሊለወጥ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። አሜሪካዊው የናፍጣ ሞተር መሐንዲስ ክሌሲ ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በናፍጣ ሞተር በሚሠራ የጭነት መኪና ሲያቋርጥ በካሊፎርኒያ የካሆን መተላለፊያ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከዳው። ከቁልቁለቱ ግርጌ የባቡር ሐዲድ መንገዱን ያቋርጣል፤ በዚያች ቅጽበት የጭነት ባቡር እያለፈ ነበር። መኪናው ከባቡሩ ጅራት ጋር ሊላተም ለጥቂት ተረፈ። ከሚንስ ያን ዕለት አልረሳውም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የናፍጣ ሞተር ያመቀውን አየር በትክክለኛው ቅጽበት በመልቀቅ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርግ የሞተር ፍሬን ፈለሰፈ። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ ቀረበ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በከባድ መኪኖች ላይ የተለመደ ሆኗል። ፈጠራው የተፀነሰው በጋቢና ውስጥ፣ ፍሬን በከዳው ሰው አእምሮ ነው።

የታሪኩ ሌላ ወገንም አለ። የአሽከርካሪ ልምድ ሳይፈተሽ ሲቀር ሊያሳስት ይችላል። በብዙ አገር አሽከርካሪዎች ዘንድ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚል የቆየ ደንብ አለ። ሞተራቸው ደካማ፣ ሰበቃቸው ብዙ ለሆነ አሮጌ መኪኖች ደንቡ ሠርቷል፤ መኪናው ዳገቱን የሚወጣው በጣም ከባድ በሆነ ማርሽ ነበርና። አዲሶቹ መኪኖች ግን ኃይለኛ ናቸው፤ ያንኑ ዳገት በቀላል ማርሽ ይወጡታል፣ ሲወርዱም የሚይዛቸው ሰበቃ አነስተኛ ነው። በወጡበት ማርሽ ቢወርዱ ይፈጥናሉ። በአሜሪካ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች መማሪያ ይህን ለውጥ ለይቶ ያስጠነቅቃል። አባት ለልጅ፣ አሽከርካሪ ለረዳት ያስተላለፈው ደንብ መኪናው ሲለወጥ ማን ያርመዋል? የምርምር ተቋም አስፈላጊነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በዜሮ ማርሽ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው እምነትም እንዲሁ ነው። መኪናው በማርሽ ላይ ሆኖ ነዳጅ መርገጫው ሲለቀቅ የናፍጣው መርጫ ነዳጁን ያቋርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ራሱ ነው። በዜሮ ማርሽ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። እንግዲህ ቆጠባው ምናባዊ ነው፤ አደጋው ግን እውነተኛ ነው። የነፋስ ፍሬኑን አየር የሚሞላው መጭመቂያም በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ በተደጋጋሚ ፍሬን የወጣውን አየር ቶሎ አይተካም። ይህን በቀላል ልኬት ማሳየት ለአንድ የሜካኒካል ምሕንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ከባድ ሥራ አይደለም። ውጤቱን በአሽከርካሪዎች ቋንቋ ማስረዳት ግን የተለየ ጥረት ይጠይቃል።

«ጥፋቱ የአሽከርካሪው ነው»

ከዚህ ሐሳብ በተቃራኒ የሚቆም ጠንካራ ክርክር አለ። አደጋ የሚያደርሱት ግድ የለሽ አሽከርካሪዎች ናቸው፣ መድኃኒቱም ጠበቅ ያለ ቅጣት ነው ይባላል። ሕዝቡ ለአንዳንድ ፈጣን የጭነት መኪኖች «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ስም ማውጣቱ ከባዶ ፍርሃት የመነጨ አይደለም። ጫት እየቃሙ ሌሊቱን ሙሉ የሚነዱ፣ በኩርባ ላይ የሚቀድሙ፣ ያልተስተካከለ ፍሬን እያወቁ የሚወጡ አሽከርካሪዎች መኖራቸውን መካድ አይቻልም። ለሟች ቤተሰብ የታምቡር ሙቀት ማስረዳትም መጽናኛ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ክርክሩ ሁለት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ያልፋል። አንደኛ፣ ግድ የለሽነቱ ከየት ይመጣል? ገቢው በምልልስ ቁጥር የሚወሰን አሽከርካሪ በቁልቁለቱ ላይ የሚያጠፋው እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ከኪሱ ይወጣል። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚወርደው ጠንቃቃ ሰው በ40 ከሚወርደው ያነሰ ያገኛል። ጥንቃቄን የሚቀጣ ክፍያ እየከፈሉ ግድ የለሽነትን መኮነን እርስ በርሱ ይጋጫል። ሁለተኛ፣ አሽከርካሪው እንዲያውቅ የተደረገው ምንድን ነው? የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ የሚሰጠው በመኪናው ዓይነትና በጭነቱ መጠን ነው፤ በመንገዱ ዓይነት አይደለም። በሜዳ ከተማ ተምሮ ፈቃድ ያገኘ ሰው በሕግ ፊት ዓባይን ለመውረድ ብቁ ነው። ቁልቁለቱን የሚማረው በቁልቁለቱ ላይ፣ ከነሙሉ ጭነቱ ነው። የዚህ ዓይነት ትምህርት ፈተናው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለወደቀ ድጋሚ የለውም።

ቅጣት የራሱ ቦታ አለው። ነገር ግን ሰው የማያውቀውን እንዲያደርግ፣ ወይም ቢያደርገው የሚጎዳበትን ነገር እንዲመርጥ በቅጣት ብቻ ማስገደድ አይቻልም።

ምን ይደረግ?

ከላይ የተዘረዘረው ወደ ተግባር ሲመለስ አምስት ሥራዎችን ይጠቁማል።

አንደኛው የአደጋ ምዝገባ ነው። «የፍሬን ብልሽት» የሚለው መደብ ቢያንስ በሁለት ይከፈል፤ ከመውረዱ በፊት የነበረ ብልሽትና በመውረድ ላይ የመጣ ሙቀት። መርማሪው ማርሹ የት ላይ እንደነበረ፣ የፍሬኑ ማስተካከያ በወሰኑ ውስጥ እንደነበረ፣ ታምቡሩ የቃጠሎ ቀለም እንዳሳየ፣ ጭነቱ ምን ያህል እንደመዘነና ወደ ፊት እንደተንሸራተተ ቢመዘግብ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለምርምር የሚበቃ መረጃ ይከማቻል። ዛሬ የሦስት ቃላት ዐረፍተ ነገር የሚዘጋው መዝገብ ያኔ ይከፈታል።

ሁለተኛው በአፋፉ ላይ የግዴታ መቆሚያ ማዘጋጀት ነው። ተራራማና ግንድ አምራች በሆነችው የካናዳ ግዛት ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከባድ መኪኖች ከአስቸጋሪ ቁልቁለት በፊት በተዘጋጀ ስፍራ ቆመው ፍሬናቸውን መፈተሽ አለባቸው። በጫካ መንገዶቿም ግንድ የጫኑ መኪኖች የደረሱበትን ኪሎ ሜትር በራዲዮ እየጠሩ ከፊት ለሚመጣው ያሳውቃሉ። በደጀንና በጎሐ ጽዮን አፋፍ የአሥር ደቂቃ መቆሚያ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ፍሬን ይታያል፣ ገመድ ይጠብቃል፣ ከሁሉም በላይ ማርሽ የሚመረጠው በረጋ መንፈስ ይሆናል።

ሦስተኛው በክብደት የተለየ የፍጥነት ምልክት ነው። አንድ የፍጥነት ወሰን ለባዶ መኪናና ለ40 ቶን መኪና እኩል ሊሠራ እንደማይችል ከላይ የቀረበው ስሌት ያሳያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የቁልቁለትን ክብደት ከፍሬን ሙቀት ጋር አዛምዶ ለየክብደቱ የሚመከረውን ፍጥነት የሚሰጥ ዘዴ ተዘጋጅቷል። ለዓባይ፣ ለጣርማ በርና ለሊማሊሞ ተመሳሳይ ሰንጠረዥ ማውጣት በሀገር ውስጥ አቅም የሚቻል ሥራ ነው።

አራተኛው ማምለጫ መንገድ ነው። ፍሬን የከዳው መኪና ገብቶበት በልቅ ጠጠር ውስጥ ሰምጦ የሚቆምበት መስመር በብዙ አገር ተራራማ መንገዶች ላይ ይገኛል። በዓባይ ሸለቆ ቦታው ጠባብ፣ ተዳፋቱም ተንሸራታች በመሆኑ ሥራው ቀላል አይሆንም። የት ቢሠራ መሬቱ ይሸከመዋል የሚለው የሥነ ምድርና የመንገድ ምሕንድስና ተመራማሪዎች በጋራ ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ነው።

አምስተኛውና የሁሉም መሠረት ዕውቀቱን መሰብሰብ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ለሃያና ለሠላሳ ዓመታት የተመላለሱ አሽከርካሪዎች በየትኛው ኩርባ በስንት ማርሽ እንደሚገቡ፣ እርጥብ ግንድን ከደረቅ በምን እንደሚለዩ፣ ሽታው ሲጀምራቸው ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ። እነዚህ ሰዎች መጠይቅ የሚሞሉ «መረጃ ሰጪዎች» ብቻ ተደርገው መታየት የለባቸውም። ጥናቱን አብረው የሚቀርፁ፣ ውጤቱንም አብረው የሚፈትኑ መሆን አለባቸው። አንድ ተመራማሪ የታምቡር ሙቀት መለኪያ ይዞ ጋቢና ውስጥ ቢቀመጥ፣ አሽከርካሪው በአፍንጫው የሚያውቀውን እርሱ በዲግሪ ያነብበዋል። ሁለቱ ሲገናኙ የትኛው ልምድ እንደሚያድንና የትኛው እንደሚያሳስት ይለያል። የሙያው ባለቤቶች በጡረታ፣ በሕመምና በአደጋ እየቀነሱ ስለሚሄዱ ይህ ሥራ ቢዘገይ የሚጠፋው ዕውቀት ተመልሶ አይገኝም።

መደምደሚያ

የመንገድ አደጋ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕይወት ይቀጥፋል፤ አብዛኛው ሞት የሚደርሰውም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በዚህ ብዛት ውስጥ በአንድ ሸለቆ ቁልቁለት ላይ የሚገለበጥ የግንድ መኪና ጎልቶ ላይታይ ይችላል። በውስጡ ላሉት ሁለት ሰዎች፣ ከፊታቸው በአውቶቡስ ለሚጓዙትና እቤት ሆነው ለሚጠብቋቸው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ከዓባይ አፋፍ ላይ ይህ አባባል ቃል በቃል ይሠራል። ፍሬን ከጋለ በኋላ ብልሃት የለም፤ ብልሃቱ ሁሉ ያለው ከመጋሉ በፊት ነው። በክብደቱ፣ በገመዱ፣ በማርሹና በክፍያው ላይ የሚደረገው ውሳኔ የሚወሰነው መኪናው ገና ሜዳ ላይ ሳለ ነው። «ፍሬን እምቢ አለ» ተብሎ መዝገብ በሚዘጋበት ጊዜ ሁሉ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄም ከዚያ ይጀምራል፤ ከእምቢታው በፊት ለፍሬኑ ምን ያህል ሸክም ተሰጥቶት ነበር? ሸክሙንስ የሰጠው ማን ነው?